አንድ እጅ ለሦስት ጎማ

ቲፔኔ የልጄ የብሮንዊን ባል ነው። መጀመሪያ ቤቴ ስታመጣው አልወደድኩትም፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም ደብቄው አላውቅም። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ ካልሲው አውራ ጣቱ ጋ ተቀዶ ነበር፣ ሶፋዬ ላይ ሲቀመጥ ቤቱ በግ በግ ሸተተ። የምጠይቀው ጠፍቶኝ «በቀን ስንት በግ ትሸልታለህ?» አልኩት። «ቀን ከቀናኝ ሦስት መቶ፤ ካልቀናኝ ደግሞ አለቃዬ ያመነኝን ያህል» አለኝ። ባለቤቴ ክላይቭ ያኔ በሕይወት ነበርና ከትከት ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ለመጨረሻ ልጄ፣ ያውም ተምራ የእንስሳት ሐኪም ለሆነችው፣ የበግ ጠጉር ሸላች አልተመኘሁላትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ክላይቭ ሞተ። ቲፔኔም ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ ላይ እያለ ግራ እጁን ከክርኑ ዝቅ ብሎ የሱፍ መጭመቂያ ማሽን በላው። ሆስፒታል ስንደርስ ፊቱ ወረቀት መስሏል። ብሮንዊን ልታለቅስ አፏን ስትከፍት ቀደማትና «አይዞሽ፣ ሰዓቴን የማስረው በቀኝ ነው» አላት። እኔ ኮሪደር ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ያለቀስኩትም ለእሱ ሳይሆን ለልጄ ዕድል ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

ሰውየው ግን ተቀምጦ አልቀረም። ሳንቃ ላይ ሚስማር መትቶ፣ ድንቹን ሚስማሩ ላይ ሰክቶ፣ ከኔ ፈጥኖ ይልጣል። የጫማውን ክር በአንድ እጁና በጥርሱ ያስራል። መሸለቱን ቢተውም የእርሻው ባለቤት አልለቀቀውም፤ የሚወልዱትን በጎች እየዞረ የሚያይ፣ ውሾቹን የሚያሠለጥን፣ አጥር የተበጠሰበትን ቦታ የሚያገኝ እሱ ሆነ። የሚኖሩት ኮረብታው አናት ላይ፣ እርሻው በሰጣቸው ትንሽ ቤት ነው። ከዚያ እስከ ዋናው መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ጠጠር መንገድ አለ፤ ጎረቤት የሚባለውም የፖስታ ሳጥኑም ያለው እታች ነው።

በመጋቢት ሜሬያና ተወለደች። ስሟን ያገኘችው ከቲፔኔ አያት ነው። ስድስት ወር ሲሆናት፣ ላሞች የሚወልዱበት ወቅት ደረሰና ብሮንዊንን ሥራ ቦታዋ ጠራት። መኪናቸው አንዲት ፒክአፕ ናት፣ እሷንም ብሮንዊን ይዛት ትሄዳለች። ታዲያ ሕፃኗን ማን ይያዝ?

«እኔ ነኛ!» አልኩ። ቤቴ ማስተርተን ከተማ ነው፣ ከነሱ ዘንድ በመኪና አርባ ደቂቃ። ሐኪም ቤቱ ቅርብ፣ ሱቁ ቅርብ፣ መንገዱ አስፋልት። ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ። «ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔ ዘንድ ትሁን፣ ቅዳሜና እሁድ ትወስዷታላችሁ።»

ቲፔኔ ሻዩን አስቀመጠ። «እትዬ ግሌኒስ፣ እኔ ልጄን ለቅዳሜና እሁድ አልወለድኳትም።»

«ወልደህስ? ትኩሳት ቢይዛት በምን ታወርዳታለህ? አንተ እንደሆነ ማዘል አትችል!»

እውነቴን ነው። ጀርባው የሸላች ጀርባ ነው፤ ሃያ ዓመት ጎንብሶ አልቋል። ሐኪሙ ለአጭር ጊዜ ከማቀፍ ሌላ ልጅ አዝሎ ወይ ደረቱ ላይ አስሮ እንዳይሄድ ከልክሎታል። ደግሞ የማዘያው መቆለፊያ ጀርባ ላይ ነው፣ ሁለት እጅ ይጠይቃል።

«ጋሪ የሚባል ነገር አለ» አለኝ።

«በአንድ እጅ? በዚያ ቁልቁለት? ሞኝህን ፈልግ!»

ብሮንዊን ጠረጴዛውን መታችው። «በቃ! ሁለታችሁም ስሙኝ። እሱ የሚችለውን ጋሪ እንፈልግ። እሷን ይዞ ብቻውን እስከ ዋናው መንገድ ወርዶ፣ ብቻውን ከወጣ፣ ልጅቷ እሱ ጋ ትውላለች። ካልቻለ እማ ጋ ትሄዳለች፣ ማንም ማንንም እንዳያኮርፍ። ሥራ የምገባው ሰኞ ሳምንት ነው።»

ቲፔኔ «ይሁን» አለ። እኔም «ይሁን» አልኩ፤ በልቤ ግን የሕፃኗን አልጋ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር አስገብቼ ጨርሼ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ማስተርተን ያለው የሕፃናት ዕቃ ሱቅ ተገናኘን። ቲፔኔ ከፒክአፑ ሲወርድ ብብቱ ሥር ከረጢት ይዟል። የውሻ ብስኩት ነው። ልክ የሜሬያናን ክብደት፣ ሰባት ኪሎ ተኩል፣ እስኪሆን አጉድሎታል፤ አፉን አስሮም የሕፃኗን ሹራብ ኮፍያ አጥልቆበታል።

«ምንድን ነው ይኼ?» አልኩት።

«ልጄ ናታ። ብትወድቅ የማታለቅሰዋ።»

ዕፍረት ገደለኝ። ፔትሪና የምትባለው ሻጭ ግን ከኔ የተሻለች ልጅ ናት፤ ከረጢቱን አየት አድርጋ «ስንት ወሯ ነው?» አለችው። «ስድስት። የአገልግሎት ማብቂያ ቀኗ ግን ሚያዝያ ነው» አላት። ሱቅ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ብሮንዊንም ሜሬያናን እንዳቀፈች ሳቀች። እኔ ወደ ጋሪዎቹ ሄድኩ።

ከሁለት ሰዓት በላይ እዚያ ነበርን። ቲፔኔ ጋሪ ሲመርጥ ውሻ እንደሚመርጥ ነው፤ አይቸኩልም፣ ቀለም አያይም። ሁለት ለየብቻ እጀታ ያላቸውን በሙሉ ወደ ጎን አደረጋቸው፤ አንዱን ብትይዘው ጋሪው ወደ ሌላው ያዘነብላል። አንድ ወጥ እጀታ ያላቸውን ብቻ አስቀረ። ከነሱም ፍሬናቸው በግራ እጅ የሚጨበጠውን አወጣ፣ በእግር የሚረገጠውን አስቀረ። ቀጥሎ ቀበቶውን ሞከረ። ኮፍያዋን ያጠለቀችውን ከረጢት አስቀምጦ፣ በጉልበቱ ደገፍ አድርጎ፣ በአንድ እጁ ቀጭ! ሳያይ ይቆልፋል። ያልተቆለፈለት ሁሉ ተሰናበተ። ከዚያ ማጠፍ። ከዚያ መዘርጋት። ልጅቷ ፔትሪና አንዱን አንስታ አንዱን ስታመጣ ላብ አጠመቃት፤ ፊቷ ግን አልተቀየረም።

መጨረሻ ላይ ባለ ሦስት ጎማ ሁለት ጋሪዎች ቀሩ። አንዱ ቡናማ ነው፣ ከባድ፣ ሦስቱም ጎማዎቹ ትልልቅና ነፋስ የሚሞሉ፤ የፊቱ ጎማ እንደተፈለገ ይዞራል፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆምም በፒን ይቆለፋል። ሌላው ግራጫ ነው፣ ቀላል፣ የኋላ ጎማዎቹ ትልልቅ ሆነው የፊቱ ብርቱካን የምታክል ጠንካራ ላስቲክ። የፊቷ እንደ ቢሮ ወንበር እግር ዞር ዞር ትላለች።

«ለጠጠር መንገድ ከሆነ እኔ ቡናማውን…» ብላ ፔትሪና ስትጀምር ግራጫውን ነጠቅኳት። በትንሿ ጣቴ ገፋሁት። በትንሿ ጣቴ! በመደርደሪያዎቹ መሃል አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ ውኃ ላይ የምሄድ ነበር የሚመስለው።

«አንድ እጅ ላለው ሰው ከዚህ ሌላ ምን አለ?» አልኩ።

ቲፔኔ አገጩን አከከ። «ወለል ላይማ ጥሩ ነው፣ እትዬ። እኔ ግን ወለል ላይ አልኖርም። የፊት ጎማው የሚቆለፈው ይሻለኛል።»

«ከተቆለፈ እኮ አይዞርም! ለማዞር እጀታውን ተጭነህ አፍንጫውን ማንሳት አለብህ። በየትኛው እጅህ?»

«ልሞክረው።» ቡናማውን ቆለፈ፣ ገፋ፣ ጥግ ላይ ሲደርስ እጀታውን ተጫነ። ጋሪው ተንጋደደና የሕፃናት የለሃጭ ጨርቅ የተሰቀለበትን ማሳያ ገለበጠው። ጨርቁ ሁሉ ወለል ላይ ተዘረገፈ።

«አየህ?» አልኩት። በዚያ ሱቅ ወለል ላይ ንግሥት ነበርኩ።

ቲፔኔ ጎንበስ ብሎ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ለቀመ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። «የለመድኩት አይደለም፣ ጊዜ ስጡኝ» አለ፤ ሜሬያና ግን ያን ጊዜ ተርባ ትጮህ ጀመር፣ ብሮንዊንም ደክሟታል። «ግራጫውን እንውሰድና እንሞክረው፣ ቲፔኔ። እማ ልክ ሳትሆን አትቀርም» አለች። እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ፣ የአያት ስጦታ ነው ብዬ፣ ራሴ ከፈልኩ።

አሁን ስናገረው ራሴም ይገርመኛል። ባይሳካለት ልጅቷ የኔ ናት፤ ቢሳካለት ደግሞ የመረጥኩት ጋሪ ነው። በሁለቱም በኩል አሸናፊ ነኝ ብዬ ነበር የተኛሁት።

እሁድ ከምሳ በኋላ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ብሮንዊን ሕፃኗን ይዛ ቤት ቀረች፤ ለሙከራው ልጅ አናስቀምጥም ተባብለናል። በውሻ ብስኩቱ ፋንታ ቲፔኔ ሚኒስትሩን ጋሪው ውስጥ አስቀመጠው። ሚኒስትሩ እናቱ የሞተችበት ግልገል ነው፣ ወጥ ቤታቸው ውስጥ በጡጦ ያሳድጉታል፤ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል እንጂ የሚሠራው የለምና ስሙን ያወጣለት ቲፔኔ ነው። ቀበቶውን ታጥቆ፣ ጆሮውን ነፋስ እየመታው፣ በጋሪው ሲሄድ ከብዙ ሰው የተሻለ ወግ ነበረው።

ቁልቁለቱን ጀመርን። ጋሪው እንዳያመልጥ የሚይዘው ማሰሪያ በቲፔኔ የእጅ አንጓ ተጠምጥሟል። የፊቷ ጎማ ጠጠሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ትንቀጠቀጣለች፣ እሱ ቀስ እያለ ይወርዳል። እኔ ከኋላ ሆኜ «አየህ፣ ይሄዳል እኮ!» እላለሁ።

ግማሽ መንገድ ላይ የከብት ማገጃው አለ። መንገዱን የሚያቋርጥ ጉድጓድ ነው፣ ባፉ ላይ የብረት ዘንጎች እየተራራቁ ተጋድመውበታል። መኪና ያልፍበታል፤ በግና ላም እግራቸው ስለሚገባ ይፈሩታል። ግራና ቀኙ አጥር ነው፣ ሌላ መውጫ የለም። ቲፔኔ እዚያ ሲደርስ ቆመና ፍሬኑን ረገጠ።

«እዚህ አይሆንም» አለ። «ጎማዋ ትገባለች።»

«ምን ሆና ትገባለች?»

«ትንሽ ናት። ደግሞ ትዞራለች። ስትሻገር ዞራ በዘንጎቹ መሃል ጥልቅ ነው የምትለው።»

ቱግ አልኩ። «ፈራህ! ለምን ፈራሁ አትልም? አንድ ጊዜ እንኳ ሳትሞክር!» እኔ ያንን ማገጃ በመኪናዬ ስንት መቶ ጊዜ ተሻግሬዋለሁ። ድርድርድር ይላል፣ ያልፋል። ለኔ ድልድይ እንጂ ጉድጓድ ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም። በእግሬ ግን አንድም ቀን አልፌበት አላውቅም፤ እኛ አገር ማን ቁልቁል በእግሩ ይወርዳል?

«እትዬ፣ ይተዉ።»

«አንተ ዞር በል። ባለ ሁለት እጅ ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ላሳይህ!»

ይቺን ቃል ተናግሬያታለሁ። ከአፌ ስትወጣ ራሴ ሰምቻታለሁ፣ መመለስ ግን አልቻልኩም። ማሰሪያውን ከአንጓው አወለቅኩ፣ ፍሬኑን ለቀቅኩ፣ በሁለት እጄ ጨብጬ ገፋሁ።

ሁለት ዘንግ አለፍኩ። በሦስተኛው የፊቷ ጎማ ዞረችና ጥልቅ አለች። ጋሪው በአፍንጫው ተተከለ፣ እጀታው ጎድኔን መታኝ፣ እግሬ ተንሸራቶ በዘንጎቹ መሃል እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ፣ እኔም ወደ ጎን ወደቅኩ። እግሬ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማኝ። ሚኒስትሩ ቁልቁል በቀበቶው ተንጠልጥሎ አገር ያወካል። እኔም አልቀረሁለትም።

ቲፔኔ መጀመሪያ ጋሪውን በእግሩ ደግፎ፣ በዳሌው ገፍቶ፣ ወደ ኋላ ሳበው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ሰፋ ብለው ስለቆሙ ዘንጎቹ ላይ ተንከባለሉ፣ ወጡ። ፍሬኑን ረገጠ። ከዚያ ወደኔ መጣ። ከኋላዬ ገብቶ ጉልበቶቹን በሁለቱ ጎኔ አደረገ፣ የተቆረጠ ክንዱን በብብቴ አስገባ፣ ደረቱን ጀርባዬ ላይ አስደገፈ። በቀኝ እጁ ጫማዬን ፈታ።

«ዘና ይበሉ፣ እትዬ። አይራገጡ። ሰውነትዎን ይልቀቁት።»

«በግ ነኝ እንዴ!»

«በግ ቢሆኑ ኖሮ አይሰድቡኝም ነበር። እህ… እግርዎን ወደ ውስጥ ያዙሩ፣ ወደ ላይ አይሳቡ። በየዓመቱ ስንት እግር አውጥቻለሁ ከዚህ።»

እግሬ ጫማዋን ጥላ ወጣች። መንገዱ ዳር አስቀመጠኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ዕድሜ ልኬን በግ ሲሸለት እያየሁ ልብ ያላልኩት ነገር ነበር። ሸላች በግን የሚይዘው በእጁ አይደለም፣ በጉልበቱና በእግሩ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የጎደለውን እጅ ስቆጥር፣ ይኼ ሰው በቀረው ሰውነቱ ሁሉ ሲሠራ ኖሯል። ሜሬያናን ዳይፐር ሲቀይርላት በጉልበቶቹ መሃል አድርጎ ነው፣ አንድ ቀን አምልጣው አታውቅም። እኔ እንኳ ሦስት ልጅ ሳሳድግ ሁለቱን ከአልጋ ጥያለሁ።

ሚኒስትሩን ከጋሪው ፈትቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ልቡ ድው ድው ይላል። የሚኒስትሩን ቦታ ልጅቱ ይዛው ቢሆንስ ብዬ ሳስብ በቁሜ፣ በተቀመጥኩበት ማለቴ ነው፣ ደረቅኩ። ከዚያ እንባዬ መጣ።

«እግርዎ ነው?» አለኝ።

«እግሬ አይደለም፣ ደደብ!»

አጠገቤ ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለ። ቆይቶ «ቤቱ ባዶ ሆኖብዎት ነው፣ አይደል?» አለኝ። ሲለው እንደ ሰላምታ ነው፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገ።

ምን ልበለው? ክላይቭ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሲኒ አወርድና አንዱን እመልሳለሁ። ማታ ማታ ሬዲዮ የምከፍተው የሰው ድምፅ ልስማ ብዬ ነው። ይኼን ለልጄ እንኳ ነግሬያት አላውቅም፣ ለሱ ነገርኩት፣ ያውም በግ አቅፌ።

እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ «ታዲያ ልጄን ከሚወስዱብኝ፣ እርስዎ ለምን አይመጡም?» አለኝ።

«ማን ጠራኝ?»

«ይኼው ጠራሁዎት።»

እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩና ሚኒስትሩን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት።

ቲፔኔ ደውሎላት ብሮንዊን በፒክአፑ መጥታ ጫነችኝ። ክሊኒክ ወሰደችኝ፤ አልተሰበረም፣ ወለምታ ነው ተባለ። ማታ ስትጠቀልልልኝ «ፈረስ ብትሆኚ ኖሮ በጥይት እገላግልሽ ነበር፤ ሰው ስለሆንሽ ሦስት ሳምንት ሶፋዬ ላይ ትቀመጫለሽ» አለችኝ። «ባለ ሁለት እጅ ሰው» ያልኳትን ቃል ግን እሱ አልነገራትም። እኔ ራሴ ነገርኳት። ጨርቁን ጠቅልላ ከሚገባው በላይ አጠበቀችው፤ ይገባኛል።

ማክሰኞ ግራጫው ተመልሶ ቡናማው መጣ። ፔትሪና ሳታጉረመርም ቀየረችላቸው። «እማማስ?» ብላ ጠይቃኛለች አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኮቱ ሥር ሶፋው ላይ ተጋድሜ ሌላ ሥራ አልነበረኝም፤ ቲፔኔ ሚኒስትሩን ጭኖ ሲወርድ፣ ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ ሲወጣ ማየት ብቻ። የፊቱን ጎማ ይቆልፋል። ጥግ ላይ ሲደርስ እጀታውን በእጁ አይጫንም፣ በዳሌው ነው፤ ሸርተት ብሎ ይደገፈዋል፣ አፍንጫው ብድግ ይላል፣ ዞረ። ሱቁ ውስጥ አጥቶት የነበረውን ዘዴ በሁለት ቀን አገኘው። እኔ ደግሞ መስኮቱን ከፍቼ «ፍጥነት ቀንስ! ጎማው ነፋስ አንሶታል!» እያልኩ እጮህበታለሁ። «ሰማሁ፣ አለቃ!» ይለኛል። አንድ ቀን በእርግጥም ነፋስ አንሶት ነበር፣ ነፋ።

እሁድ የፈተናው ቀን ነው። የዚያን ቀን የእኛ አገር ነፋስ የተለቀቀበት ነበር፣ ጥዱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል። «ነገ እናድርገው» አልኩ። ብሮንዊን «ነገ ሥራ እገባለሁ፣ እማ። ነፋሱም ነገ አይሞትም» አለች። ቲፔኔ ጋሪው ውስጥ የበግ ቆዳ አነጠፈ፣ ሜሬያናን በጉልበቱ ደግፎ ቀበቶዋን ቆለፈ፣ ማሰሪያውን በአንጓው ጠመጠመ። እኛን በፒክአፑ ወደ ታች ላከን። ፖስታ ሳጥኑ ጋ ቆመን እንድንጠብቅ።

ጠበቅን። ከታች ሆኖ የሚታየው የመንገዱ መታጠፊያና ማገጃው ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ። አሥራ አምስት።

«ልውጣ» አልኩ።

«በምርኩዝ? ተቀመጪ።»

«ጮኸች መሰለኝ።»

«በግ ነው፣ እማ።» ብሮንዊን እንዲህ ስትል ጥፍሯን ትበላለች።

ከዚያ በመታጠፊያው ብቅ አሉ። ነፋሱ ጃኬቱን አስነስቶ ከኋላው እያርገበገበው ነው። ማገጃው ጋ ደረሰ፣ ፍሬኑን ረገጠ፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አላት። ፍሬኑን ለቆ ጋሪውን አዞረውና ጀርባውን ሰጠን። ልጅቱ ከዐይናችን ተሰወረች። የሚታየን ሰፊ ጀርባና አንድ ባዶ እጅጌ ብቻ ነው። እጀታውን ዳሌው ላይ አስደግፎ፣ ወደ ኋላ፣ አንድ እርምጃ፣ ቆመ። አንድ እርምጃ፣ ቆመ። ነፋሱ መጣና ሁላችንንም አንገላታን፣ እሱ እግሩን ከፈት አድርጎ ጠበቀው፣ አሳለፈው። አንድ እርምጃ። ብሮንዊን ክንዴን ጨብጣ ይዛኛለች፣ ምልክቱ ሳምንት ቆየ። የመጨረሻውን ዘንግ አልፎ ጠጠር ረገጠ። እኔ ሳላስበው «ጎበዝ!» ብዬ ጮህኩ፤ ጎረቤት ያለ ውሻ ሁሉ መለሰልኝ።

ሲደርስ ሜሬያና ተኝታለች። እንቅልፍ ወስዷታል! አንድ እግሯ ካልሲ የለውም።

«ካልሲዋ የት አለ?» አልኩት።

«ነፋስ ወሰደው።»

«በዚህ ብርድ…»

«እትዬ» አለኝ፣ ላቡ ከግንባሩ እየወረደ፣ «ገና መውጣት ይቀረኛል። ስድቡን ለላይኛው ቤት ያቆዩልኝ።» ብሎ አዞራትና ወጣ። ሃያ ሦስት ደቂቃ ፈጀበት። ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ ብሮንዊን ገና ሳይነጋጋ ሄደች። እኔ ሶፋው ላይ፣ እግሬ ትራስ ላይ። ቲፔኔ ቁርሴን ሰጠኝ፣ ልጅቱን አበላ፣ ጋሪው ላይ ቀበቶዋን ቆለፈላት፣ የሚወልዱትን በጎች ሊያይ ይዟት ወጣ። ዐይኔ ከጋሪው ጋር ወረደ። ዕቅፌ ባዶ ነበር፤ አልዋሽም፣ ትንሽ ከፋኝ። ግን ፈርቼ አልነበረም፤ ይኼን ልብ ስል ራሴ ደነገጥኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ብሮንዊን ናት፣ ከአንዱ ጋጣ ሆና፣ ከኋላዋ ላም ትጮሃለች።

«እማ፣ ሜሬያና ማን ጋ ናት?»

«አባቷ ጋ ናታ፣ ማን ጋ ትሆናለች?» አልኳት። «ሥራሽን ሥሪ፣ አትጨቅጭቂን።»